ዳንቴል የለበሰው የባሩድ ሣጥን

በዚህ አገር የሚበላሽበት ቀን ያልተጻፈበት ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ወተቱ ቀን አለው፤ እንቁላሉ ቀን አለው፤ የራስ ምታት ክኒኑም ቀን አለው። የሕፃን የመኪና ወንበር ሳይቀር ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ «ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙበት» ይላል፤ ፕላስቲክ እንደ ጎመን የሚጠወልግ ይመስል። ባለቤቴ አስቴር በዚህ ጽሑፍ አጥብቃ የምታምን ሴት ናት። ቀኑ ትናንት ያለፈበትን እርጎ ዛሬ ስበላ ካየችኝ መርዝ እንደሚጠጣ ሰው ነው የምታፈጥብኝ። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ ነበርኩ። ነገር የሚበላሸው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው እንጂ ቀን ስለተጻፈበት እንዳልሆነ ላስረዳት እሞክራለሁ። አትሰማኝም። ረጅም ዘመን አብሯት የኖረ ባል ቃሉ ራሱ ቀኑ ያለፈበት ነው።

እናም ቀን ያልተጻፈበት ነገር ስፈልግ ኖሬ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ባሩድ ነው። ሌላው ቂም ነው።

ባሩዱን አስቀድሜ ላውጋችሁ፤ ቂሙ የትም አይሄድም።

ኑሮዬ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ሚኒያፖሊስ ባለ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ሽንት መመርመር። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ላይ ጠመኔ ይዤ የዓለምን ምሥጢር አስተምር ነበር፤ አሁን የዓለምን ምሥጢር በትንሽ ብልቃጥ ሞልተው ያመጡልኛል። እዚያው ሆስፒታል ዳግ የሚባል፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ ኩን ራፒድስ የሚኖር ነጭ ወዳጅ አለኝ። አንድ ቅዳሜ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ተኩስ ክበቡ ወሰደኝ። የእነሱ ጠመንጃ ዘመናዊ አይደለም። ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ አንዴ ከተኮሱበት በኋላ ለሁለተኛው ሻይ እየጠጡ የሚሰናዱበት የጥንት ዓይነት ነው።

«ሱቁ ሁሉ አዳዲስ ጠመንጃ ሞልቶት በዚህ ለምን ትለፋለህ?» አልኩት።

«ለዚያ ነዋ» አለኝ። መልስ አይደለም፤ ግን ገባኝ።

የመጀመሪያዋን ጥይት ስተኩስ ነጭ ጭስ እንደ ጋቢ ሸፈነኝ። የድኝ ሽታ። ድኝ፣ ከሰል፣ ጨው ጴጥሮስ እያልኩ የባሩድን ቅመም ስንቱን ተማሪ በሰሌዳ አስተምሬያለሁ፤ ሲነድ ግን አይቼው አላውቅም። የትምህርት ክፍላችን እንኳን ለባሩድ ለጠመኔም በጀት አልነበረውም። በዚያ ጭስ ውስጥ ለአፍታ ማንም እኔን አያየኝም፤ እኔም ማንንም አላይም። እንዲህ ያለ ሰላም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ቤተ ክርስቲያንም አላገኘሁም።

ከዚያ መግዛት መጣ። እውነተኛው ባሩድ እንደ ስኳር በየሱቁ አይሸጥም፤ የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ከባንኮኒው ጀርባ ነው የሚያስቀምጡት። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሻጭ አገኘሁ። ስሜን አየ፤ መልኬን አየ፤ ንግግሬን ሰማ፤ ከዚያ ሦስቱን ደመረ። ድምሩ ምን እንደሰጠው አላውቅም፤ ብቻ መታወቂያዬን መልሶ «እውነተኛውን ነው የምትፈልገው ወይስ ተተኪውን?» አለኝ። ተተኪ የሚሉት እውነተኛውን የሚመስል፣ በእሱ ቦታ የሚገባ፣ ጭሱም ድምፁም የተለመደ ሌላ ዱቄት ነው።

«ተተኪውን በሕይወቴ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እውነተኛውን ስጠኝ» አልኩት። ዳግ ከጎኔ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው ግን እሱም አያውቅም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እናንተ ቆይቶ ይገባችኋል።

ከሰጠኝ ጣሳዎች አንዱን ገለባብጬ አየሁት። «የሚበላሽበት ቀኑ የታለ?»

«ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ አንተን ይቀብርሃል» አለኝ ሻጩ።

ቤት ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት መደወል ነበር። እሳት ሳይነሣ የደወልኩ የመጀመሪያው ሐበሻ ሳልሆን አልቀርም። ባሩድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ማስቀመጥ እንደሚፈቀድና እንዴት እንደሚቀመጥ ስጠይቃት ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ በደስታ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ከእሷም፣ ከዳግም፣ ጣሳው ላይ ከተጻፈውም ያጠናቀርኩት ይህ ነው። ከሚያስፈልግህ በላይ አትግዛ። ከማሞቂያውና ከውኃ ማፍያው አርቀው። ማቀጣጠያ ቆቡን፣ ያን ሲመታ እሳት የሚተፋውን፣ ከእሱ ጋር አታስቀምጥ። ቆልፈው። ሣጥኑ ብረት ሳይሆን ወፍራም እንጨት ይሁን፤ ብረት ያፍናል፣ እንጨት ግን ይለቃል። የታፈነ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ በይሉኝታ የኖረ ሰው አይጠይቀኝም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ባሩድ ከገዛ ጣሳው ወጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ አይገለበጥም። ይቺ ሕግ ለሐበሻ ቤት ምን ያህል እንደምትከብድ አስቡት። እኛ ቤት ጽሑፍና ይዘት ተገናኝተው አያውቁም። የአይስክሬሙ ባልዲ በርበሬ ነው፤ የብስኩቱ ቆርቆሮ መርፌና ክር ነው፤ የቡናው ጣሳ ሽሮ ነው። ልጄ ሩት ገና ሕፃን ሳለች አይስክሬም ብላ የከፈተችውን እስከ ዛሬ አትረሳም። ስለዚህ አስቴርን አስቀምጬ «እነዚህ ጣሳዎች ባዶ ቢሆኑ እንኳ እንዳትነኪያቸው» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላው ጎልፍ ይጫወታል» አለችኝ።

ሣጥኑን ዳግ ሠራልኝ። ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ባለው የእንግዳ ክፍል ጥግ፣ ከማሞቂያው በጣም ርቆ ተቀመጠ። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም በሁለት ቋንቋ ጻፍኩበት፤ «ባሩድ! እሳት ክልክል ነው!» ሩት አይታ «ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ዊርድ» አለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የሚገርማት ነገር ሁሉ ዊርድ ነው።

አሁን ወደ ቂሙ።

ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህራን ሆነን ሳለ ቸርነት የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ክፍል ተካፍለን፣ አንድ ሣህን በልተን፣ አንድ ሲጋራ ለሁለት አጭሰናል። ያን ጊዜ ለጀርመን አንድ የነፃ ትምህርት ዕድል መጣ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። እሺ፣ ለመመካት ነው። ልክ በዚያ ሰሞን አጎቴ ሞቶ ደሴ ለለቅሶ ሄድኩ። ስመለስ ዕድሉ የቸርነት ሆኗል። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት ሹክ ያለችኝ። ኮሚቴው ስሜን ሲጠራ ቸርነት እጁን አውጥቶ «ሰሎሞን አይፈልግም፤ አገሬን ትቼ አልሄድም ብሎኛል» አለ። ኮሚቴው በአገር ፍቅሬ ተነክቶ አጨበጨበልኝ አሉ። በሌለሁበት ተጨብጭቦልኝ ቀረሁ። ቸርነት ዶክተር ሆነ፤ ዲን ሆነ፤ በኋላም ቴክሳስ ገብቶ የጌታ አገልጋይ ሆነ። አገሩን ትቶ የማይሄደው ሰሎሞን ደግሞ ዲቪ ሞልቶ ሚኒሶታ መጣ።

ከቸርነት የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ሰሎሞን አልፈልግም አላለም።» ካሣ አልጠየቅኩም፤ እንባ አልጠየቅኩም። ያችን ይበልና ይለፍለት።

ባለፈው ጥር አስቴር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «ለኮንፈረንሱ ከቴክሳስ የሚመጣው አገልጋይ እኛ ቤት ነው የሚያርፈው» አለችኝ።

«ማነው?»

ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ታሪኩን ታውቃለች። ከመስማት ብዛት ከእኔ አሳምራ ትናገረዋለች። «ዶክተር ቸርነት» አለች ወደ መሬት።

«አስቴር!»

«ሆቴል ይገባ ሲሉ እጄ በራሱ ወጣ፤ ምን ላድርግ? ባዶ ክፍል እያለን ይባላል እኮ! ደግሞ አንተም ይቅር በልና ተገላገል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

ያን ተረት በደንብ ያዙልኝ።

ቀጥላም «ያ ባሩድህ ይውጣ፤ የእግዚአብሔርን ሰው ባሩድ አጠገብ አላስተኛም» አለች። በዚህ እንኳ ተስማማን። ቀላል እንዳይመስላችሁ ታዲያ፤ ባሩድ ማቆያ መለመን ባልና ሚስት ያጣላል። ጋራዤ ቤንዚን አለበት። መኪና ውስጥ አይታደርም። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ለጥቂት ቀን እንዲያስቀምጥልኝ ብጠይቀው እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ «ወንድሜ፣ ጸልይበት» አለኝ። በመጨረሻ ዳግ ተቀበለኝ፤ ከቤቱ ራቅ ያለ የራሱ ማስቀመጫ አለው። ጣሳዎቹን ሲረከበኝ የእንግዳውን ታሪክ በአጭሩ ነገርኩት። ራሱን እያከከ «ባሩዱን የምታርቀው ለእሱ ደኅንነት ነው ወይስ ለአንተ?» አለኝ።

«ለሁለታችንም» አልኩት።

ባዶ ሣጥኔ እንደተቆለፈ እዚያው ቀረ። አስቴር ቀዩን ጽሑፍ ስታይ ደነገጠች፤ እንግዳ ሊያይ ነው! እንግዲህ ሐበሻ ሴት የሚያሳፍር ዕቃ ሲገጥማት ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ዳንቴል አለበሰችው። ቴሌቪዥናችን ዳንቴል ለብሷል፤ የሶፋው ራስጌ ለብሷል፤ ባሩድም ተራው ደረሰና ለበሰ። ከላዩ የፕላስቲክ አበባ፣ የውኃ ጠርሙስና ብርጭቆ ስታስቀምጥበት የቤታችን በጣም ጨዋ ዕቃ መሰለ።

ቸርነት ሐሙስ ዕለት መጣ። ውጪው ምራቅን በረዶ የሚያደርግ ብርድ ነው፤ እሱ የለበሰው ሸሚዝና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ጃኬት ናት። «ሶሌ! አንተ ልጅ አታረጅም እንዴ!» ብሎ አቀፈኝ። ወፍሯል። ይስላል። እኔ ገና እጄን ከጀርባው ሳላነሣ አስቴር የእኔን ወፍራም ካፖርት ይዛ ደረሰች። «ዶክተር፣ እስከሚሄዱ ይልበሱት፤ እሱ ለምዷል።» ለምጃለሁ።

ማዕድ ላይ ረጅም ጸሎት ጸለየ፤ ወጡ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወደ ሩት ዞሮ ምን አለ መሰላችሁ? «አባትሽ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ጀርመን እንዲሄድ ስኮላርሺፕ ሲሰጡት ግን አገሬን አልለቅም ብሎ እምቢ አለ! እንደሱ ያለ አገሩን የሚወድ ሰው አላየሁም።»

በገዛ ማዕዴ፣ በገዛ ልጄ ፊት! ሩት ሹካዋን አስቀመጠች። «ዌይት፣ ዳድ፣ ሪሊ? ዩ ሴድ ኖ?»

አስቴር በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እንግዳ ነው፤ አገልጋይ ነው፤ ቤቴ ነው፤ ይባላል። አፌን ከፈትኩ። «ወጥ ጨምር» አልኩት።

ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ቅጽ የምትሞላ፣ ለስኮላርሺፕ ቀን ከሌት የምትለፋ ልጅ ናት። ያን ቀን ያየችኝ አስተያየት የአድናቆት አልነበረም። ዕድሉን በር ላይ መልሶ የሰው ሽንት ሲመረምር የሚኖር ሞኝ አባት ነው ያየችው። እንግዲህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ወዲያ ለእኔ ብቻ የምታስፈልግ አልሆነችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ለኮንፈረንሱ ምግብ ሊያሰናዱ ሄዱ። እንግዳው «ልዘጋጅ» ብሎ ታች ወርዷል። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ሳለሁ መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ ሽታ መጣ። የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ አፍንጫዬ ደመወዝ ይበላል። ሲጋራ! «ሳል ይዞ ስርቆት» ያልነው ይኸው መጣ። «ቂም ይዞ ጸሎት» የሚለው ደግሞ ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

ዶክተር ቸርነት ትንሿን የቤዝመንት መስኮት በቀጭኑ ከፍቶ፣ ካፖርቴን ደርቦ፣ ዳንቴሉ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል። አበባውንና ውኃውን በጥንቃቄ መሬት አውርዷቸዋል። ሲያየኝ ሲጋራውን የውኃው ብርጭቆ ውስጥ ነከረው።

«ሶሌ፣ እባክህ፣ ፓስተሩ እንዳይሰማ። ትቼው ነበር። ውጪ ላጨስ ብል ደግሞ አገራችሁ ጣት ይቆርጣል።»

«ለፓስተሩስ አልናገርም» አልኩት። «ግን የተቀመጥክበትን ታውቀዋለህ?»

«ኮመዲኖ ነው?»

የዳንቴሉን ጫፍ በሁለት ጣቴ ገልጬ በእግሮቹ መካከል አሳየሁት። አነበበው። በእንግሊዝኛውም ደገመው። ያ ወፍራም ሰው ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«ቀልድ ነው አይደል?»

«ባሩድ ነው የሚል ጽሑፍ ታያለህ። አንተ የኬሚስትሪ ዶክተር ነህ፤ አንተው ንገረኝ።»

ሊነሣ ሲል «አትንቀሳቀስ!» አልኩት። መንቀሳቀስና ባሩድ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሲጋራው ጠፍቷል፤ ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ጣሳዎቹ ኩን ራፒድስ ተኝተዋል። ኬሚስት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ባሩድ በመንቀሳቀስ እንደማይነድ ያውቅ ነበር። እሱ ግን ዲን ነበር፤ ዲን የሚያውቀው ስብሰባ ነው። እንደ ሐውልት ደረቀ።

«ሶሌ፣ በጌታ...»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያኔ፣ እኔ ደሴ ለቅሶ ሳለሁ፣ ምን አደረግክ?»

ዓይኑን ጨፈነ። ይኸው፣ መጣች፣ ዓረፍተ ነገሬ መጣች!

«ካፖርትህን የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«ያን ግራጫ ካፖርትህን። ከልብስ ማጠቢያ ተሰረቀ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ጀርመን ብርድ ነው ብለውኝ ይዤው ሄድኩ። ስንት ክረምት ለብሼዋለሁ መሰለህ! ይቅር በለኝ ሶሌ፣ ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ነው የኖርኩት!»

እንባው ወረደ። እኔ ያን ካፖርት ከረሳሁት ስንት ዘመኔ ነው።

«ስኮላርሺፑስ?» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። ከልቡ ግራ ገብቶታል። «የቱ? ያ እምቢ ያልከው?»

ወገኖቼ፣ ውሸታምን ማሸነፍ ይቻላል። የገዛ ውሸቱን ያመነ ሰው ግን ባሩድ ላይ ብታስቀምጡትም አይናዘዝም። እጁን ይዤ አስነሣሁት። ቁልፉን አውጥቼ ሣጥኑን ከፍቼ ባዶውን አሳየሁት። አየ። ባዶ መሆኑን በዓይኑ አየ፤ ይህን አስምሩበት። «ጌታ ይባርክህ» አለና ፊቱን ሊታጠብ ሄደ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶክተር ቸርነት ካፖርቴን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ማሞቂያው ይሠራል፤ ግን አላወለቀውም። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ስብከቴን ትቼ ምስክርነት ልስጥ» አለ። «ትናንት በአንድ ወንድም ቤት ሳላውቅ ባሩድ የሞላ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።» አዳራሹ «ኢየሱስ!» አለ። «እሳት አጠገቤ ነበረ።» የምን እሳት እንደሆነ አልጠቀሰም። «ጌታ ግን አወጣኝ! እዚያው ሣጥን ላይ ሆኜ ወጣትነቴን አሰብኩ፤ የበደልኩትን ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅኩት። ወንድሜ ሰሎሞንም አቅፎኝ አለቀሰ። ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ አለኝ! ሰሎሞን፣ ተነሥ፣ ይዩህ!»

አላቀፍኩትም። አላለቀስኩም። ይቅር ብዬሃለሁ የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። ይኸው ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ ቁጭ ብዬ እያየሁት፣ ያላልኩትን አለልኝ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ያኔም አጨብጭበውልኝ ነበር አሉ፤ የዛሬው ቢያንስ ባለሁበት ነው። ያ «ጸልይበት» ያለኝ ወንድም እንባውን ይጠርጋል። አስቴር በክርኗ ጎሸመችኝ። ተነሣሁ። እጅ ነሣሁ። ምን ላድርግ? «አልማርኩትም» ብዬ ልጩህ? ይባላል እኮ።

ስቀመጥ ሩት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ዳድ፣ ምንድነው ይቅር ያልከው?» አለችኝ፤ ይህን በአማርኛ ነው ያለችው።

«ካፖርት» አልኳት።

«ጀስት አ ኮት?»

«የቀረውን መኪና ውስጥ እነግርሻለሁ።»

ነገርኳት። ኮሚቴውን፣ ለቅሶውን፣ የወጣችውን እጅ፣ ጭብጨባውን። እስከ ቤት ድረስ ሰማችኝ። መኪናውን ሳቆም «ሶ ዩ ኔቨር ሴድ ኖ» አለች። አልኳችሁ አይደል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የምፈልገው? ቋንቋውና ተናጋሪው ብቻ ተለወጠ። ደግሞ እንባ መጣብኝ፤ ብርዱ ነው።

እንግዳችንን ፓስተሩ ከአዳራሹ በቀጥታ ኤርፖርት አድርሶታል። ሰኞ ባሩዴን ላመጣ ወደ ዳግ ልሄድ ተነሥቼ የኮት ማንጠልጠያው ላይ እጄን ብሰድድ ያቺ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ጃኬት ብቻ ተንጠልጥላለች።

«አስቴር! ካፖርቴስ?»

ከኩሽና ብቅ አለች። ጃኬቷን አየች። እኔን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ረስቶት ይሆናል እኮ፤ ደውዬ ልጠይቀው እንዴ?»

«ተይው» አልኳት። «ሕሊናው ይወቅሰዋል።»

ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጃኬቷን ከላይ ጣል አድርጌ ኩን ራፒድስ ደረስኩ። ዳግ ማስቀመጫውን ከፍቶ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አቀበለኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ክዳናቸው በደንብ መዘጋቱን አየሁ፤ የእርጥበት ምልክት ፈለግኩ። ምንም አልነካቸውም።

«እንግዳህስ እንዴት ነበር?» አለኝ። «ይቅር ተባባላችሁ?»

«እሱ ነው የሚያውቀው» አልኩት፤ ባሩዴንም ይዤ ወደ ቤቴ ነዳሁ።